የአየር ማጣሪያው እየሠራ የሻጋታው ሽታ ለምን ሳሎን ይደርሳል?

ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ሲከር ከአልጋ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ማየት ያስፈራል። እኛ ቤት ጥቁር ሻጋታው ከወለል ተነስቶ ጉልበት ድረስ ወጣ። ሄፓ የሚባል፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ ማሽን ተውሰን ግድግዳውን መፋቅ ጀመርን። የገጠመንን ከነመላው እነሆ።

እየፋቃችሁ ሽታው ሳሎን ከደረሰ

ማሽኑ አልተበላሸም። ያጣራውን አየር እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ስለሚለቀው፣ ገና ያልተጣራው አቧራ በበሩ ስር ይሾልካል። በሩን በላስቲክና በፕላስተር ዝጉ። የማሽኑን መውጫ በቱቦ ወደ መስኮት አውጡ፤ የቀረውን የመስኮት ክፍተት ድፈኑ። ያኔ ማሽኑ አየሩን ከክፍሉ ስለሚያወጣ ላስቲኩ ወደ ክፍሉ ይሳባል። መፈተኛው የቡና ዕጣን ነው፦ ሳሎን ሆናችሁ፣ ከላስቲኩ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ በበሩ ስንጥቅ አጠገብ ያዙት። ጭሱ ወደ ክፍሉ ከገባ ደህና ነው። ወደ እናንተ ከመጣ የሆነ ቦታ ክፍት አለ። እናቴ «ሻጋታውን ልታጥኑት ነው?» ብላ ሳቀችብን።

ሄፓ የሚይዘው ብናኝን ነው፤ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሚያክለው እንኳ 99.97 በመቶውን። ሽታ ግን ጋዝ ስለሆነ ያልፈዋል። ለሽታ የካርቦን ማጣሪያ ያስፈልጋል።

ከማሽኑ የሚወጣው አየር ከደከመ

ከሄፓው ፊት ያለው፣ ትልልቁን አቧራ የሚይዘው ማጣሪያ ተደፍኗል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲፋቅ ጭድና አፈር ነው የሚያወርደው። የእኛው በአንድ ከሰዓት ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ማሽኑን አጥፉ፣ ማስክ አድርጉ፣ አሮጌውን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ሄፓውን ግን እንዳታጥቡት፣ እንዳታራግፉትም።

አቧራው ካልቀነሰ

ማሽኑ ለክፍሉ አንሶ ይሆናል። 4 በ4 የሆነ፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሰዓት 6 ጊዜ ለማጣራት 240 ሜትር ኩብ የሚስብ ማሽን ይፈልጋል። ከበቃ ደግሞ ማጣሪያው ቦታው ላይ በደንብ መግጠሙን እዩ፤ አየር በጎኑ የሚያልፍ ከሆነ ከንቱ ነው።

መብራት ከጠፋ

መፋቅ አቁሙ። ላስቲኩን አትክፈቱ።

ጥቁሩ ከተመለሰ

ማሽን ግድግዳ አያደርቅም፤ ውሃውን ፈልጉ። የእኛ ጥፋት አሸንዳው ነበር። ተቀዶ ዝናቡን በቀጥታ ግድግዳው ስር ያፈስ ነበር። አሸንዳውን ቀየርን፣ ቦይ ቆፈርን። ግድግዳው እስከ ጥቅምት አልደረቀም፤ አልጋው አሁንም አንድ ክንድ ርቆ ነው የተዘረጋው።