በቤት ውስጥ የሆድ ዳያሊሲስ ስናደርግ ኢንፌክሽንን እንዴት እንከላከላለን?

የእማዬ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ወዲህ ዳያሊሲሷን፣ ማለትም በኩላሊት ፈንታ ደሟን የሚያጣራውን ሕክምና፣ የምታደርገው ቤት ውስጥ፣ በሆዷ በኩል ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቀን 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ሊትር ፈሳሽ በቱቦ ወደ ሆዷ ይገባል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣና በአዲስ ይተካል። በሳምንት 3 ቀን ማሽን ላይ ለመተኛት መመላለስ ቀርቶላታል።

ግን ያ ቱቦ በቀጥታ ወደ ሆድ ዕቃ የሚያስገባ በር ነው። ፈሳሹ ስኳር አለው፣ ሆድ ደግሞ ይሞቃል። ባክቴሪያ ለመራባት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ኢንፌክሽኑ ፔሪቶናይትስ ይባላል። ሲደጋገም የሆድን ስስ ሽፋን ያበላሸዋል፣ በሽተኛውም ወደ ማሽኑ ለመመለስ ይገደዳል። ከዚህ በታች ያለው እኛ ቤት የሚሠራበት ነው። የእናንተ ነርስ ሌላ ነገር ካዘዘች የእሷን ተከተሉ።

ክፍሉ

በርና መስኮት ይዘጋል። ማራገቢያና ኤሲ ይጠፋል። ጠረጴዛው ይወለወላል። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ትውጣ፤ ቱቦ መቧጨርና መንከስ ይወዳሉ።

የእኛ ፈተና ግን ጠያቂ ነበር። ሰው ሲመጣ እማዬ «እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ?» ትላለች። ጠያቂውም ገብቶ ሊስማት ይፈልጋል። አሁን በሩ ላይ «ሕክምና ላይ ነን፣ 30 ደቂቃ ሳሎን ጠብቁን» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። ቡናው ሳሎን ይፈላል። ማንም አልተቀየመም።

እጅና ማስክ

እሷም እኔም ማስክ እናደርጋለን። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ ጥፍር ያጥራል። እጅ በሳሙና ይታጠብና በወረቀት ፎጣ ይደርቃል፤ የወጥ ቤት ፎጣ አይሆንም። ከዚያ ሳኒታይዘር ይቀባል፣ እሱም እስኪደርቅ ይጠበቃል። እርጥብ እጅ ጀርምን ቶሎ ያስተላልፋል። ጓንት ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጠረጴዛ የነካ ጓንት ጠረጴዛ ከነካ እጅ አይሻልም፣ ሰውን ደግሞ ያዘናጋል።

ቦርሳውን ማሞቅ

አዲሱ ፈሳሽ የሚመጣበት ቦርሳ ቀኑ ያላለፈበት፣ የማያፈስና ፈሳሹ የጠራ መሆኑን እዩ። የምታሞቁት በደረቅ ነገር ነው፤ ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ። ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ቶሎ ያሞቃል፣ ግን ውኃው ራሱ ጀርም ይዞ ማያያዣው ላይ ሊቀር ይችላል። ማይክሮዌቭም አይሆንም፤ እኩል ስለማያሞቅ ሊያቃጥል ይችላል።

ቱቦ መግጠም

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሆዷን ቱቦ ክዳን ስትፈቱና የአዲሱን ቦርሳ ጫፍ የሚዘጋውን መሳቢያ ቀለበት ስትነቅሉ ሁለት ጫፎች ክፍት ይሆናሉ። እስኪገጠሙ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ጫፉ ምንም መንካት የለበትም። ጣት፣ ልብስ፣ ጠረጴዛ፣ ምንም። አይወራም፣ አይሳልም፣ ስልክ አይነሳም።

አንድ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ቸኩለን ነበር። እማዬ ነጠላዋን ቀድማ ለብሳለች። ልገጥም ስል የነጠላው ዘርፍ የቱቦውን ጫፍ ነካ አደረገው። አይቻለሁ። «አንድ ሰከንድ እንኳ አልነካም፣ ነጠላው ደግሞ ትናንት የታጠበ ነው» ብዬ ገጠምኩት። ለእሷም ለነርሷም አልነገርኩም። ማክሰኞ የወጣው ፈሳሽ ሩዝ የታጠበበት ውኃ መሰለ። እማዬ ከሕመሙ ብዛት ቀና ማለት አቃታት። 14 ቀን አንቲባዮቲክ በቦርሳው እየተጨመረ ተሰጣት። ዳነች። እኔ ግን ያን እሑድ አልረሳውም።

የታጠበ ልብስ ንጹሕ ነው፣ ከጀርም የጸዳ ግን አይደለም። ቆዳችን ላይ ያለ ምንም ጉዳት የሚኖረው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው ችግሩ። ስለዚህ ጫፉ ከነካ አትግጠሙ። የሆዱን ቱቦ ክላምፕ (መቆንጠጫ) ዝጉ፣ አዲስ ክዳን ግጠሙና ለነርሷ ደውሉ። የነካው የአዲሱ ቦርሳ ጫፍ ከሆነ ቦርሳው ይጣላል። የነካው የበሽተኛው ከሆነ ውጭ ያለችውን አጭር ቱቦ ይቀይሩላችኋል። ፈሳሹ ገብቶ ከሆነ ደግሞ መከላከያ አንቲባዮቲክ ሊሰጡ ስለሚችሉ ሳትደብቁ ንገሯቸው። አሁን ነጠላ የሚለበሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌው ፈሳሽ ከወጣ በኋላ፣ አዲሱ ወደ ሆድ ከመግባቱ በፊት፣ ትንሽ አዲስ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ መጣያው ቦርሳ ይለቀቃል። እስከ 5 መቁጠር ይበቃል። ስንገጥም የገባ ጀርም ካለ አጥቦ ይወስደዋል። ሲቸኩሉ የሚዘለው ይኸው ነው።

ቱቦው ከቆዳ የሚወጣበት ቦታ

በየቀኑ ይታያል፣ ይጸዳል፣ የታዘዘው የአንቲባዮቲክ ቅባት ይቀባል። የእሷ ሙፒሮሲን ነው። ቅርፊት ካለ አይላጥም። ቱቦው እንዳይጎተት በፕላስተር ይያዛል። አጠገቡ መቀስ አይደርስም።

ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም። ጠበል ከበድ ያለ ጉዳይ ነበር፤ እማዬ መጠመቅ ፈልጋ ነበር። የንስሐ አባቷን አነጋገርናቸው። ቁስሉን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው፤ አሁን ግንባሯ ላይ ብቻ ይረጩላታል።

ሆድ ድርቀትንም ቸል አትበሉ። የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሆድ ዕቃ ሊሻገር ስለሚችል በጊዜ ለነርሷ ይነገራል። ጥርስ ለመነቀል ወይም ለኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ) ቀጠሮ ካለም አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ከሕክምናው በፊት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ።

ፈሳሹ ከደፈረሰ

የወጣውን ቦርሳ በየጊዜው ጽሑፍ ባለበት ወረቀት ላይ አስቀምጡት። እኛ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ እንጠቀማለን። ፊደሉ በፈሳሹ ውስጥ ካልተነበበ፣ ሕመምና ትኩሳት ባይኖርም፣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ይደወላል። ቦርሳውን ሽንት ቤት እንዳትደፉት። በፌስታል አስራችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ላቦራቶሪው ነጭ የደም ሴሎቹን የሚቆጥረውና ጀርሙን የሚለየው ከዚያ ነው።