«ቁርጥ አባቱን!» ከማለታችን በፊት

ደሴ፣ ቡና ላይ ነን። በረካው ሳይቀዳ የቤቱ የስምንት ዓመት ልጅ ታናሹን ገፈተረና አንድ ሲኒ ከረከቦቱ ላይ ወድቆ ተሰበረ። አንዲት ጎረቤት «ቁርጥ አባቱን! ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። እናትየው «ምን ላድርግ እማማ፣ በደሙ ነው» አለች። ልጁ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ የተወረሰ ሁሉ አይለወጥም ብሎ ማሰብ። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባል በሽታ አለ። ከእናትና ከአባት በጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው የዘር መመሪያ፣ ይወረሳል፣ ካልታከመም አእምሮን ክፉኛ ይጎዳል። ሕፃኑ እንደተወለደ ከታወቀና ፌኒልአላኒን የተባለው ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ ከተሰጠው ግን አእምሮው በደህና ያድጋል። ጂኑ እንዳለ ነው፤ ምግቡ ብቻ ነው የተለወጠው።

ሁለተኛው ከቁጥር ይመጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. የ50 ዓመት የመንትዮች ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቶ ነበር። በሰው ጠባይና አካል ላይ የውርስ ድርሻ በአማካይ 49 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ የልጄ ቁጣ ግማሹ ከአባቱ ነው» ይላል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ሰውና ሰው ስለሚለያዩበት ነገር ነው። የቆቦን ማሽላ አስቡ። የተደባለቀ ዘር በአንድ ማሳ፣ በእኩል ውሃ ተዘርቶ አንዱ ቢረዝም አንዱ ቢያጥር፣ ልዩነቱ የዘሩ ነው። ከዚያው ቁና ላይ ዘግናችሁ ዝናብ የራቀው ማሳ ላይ ብትዘሩት ደግሞ፣ ሁለቱን ማሳዎች የሚለያያቸው ውሃው ነው። ስለ አንዲት አገዳ ብቻ «ይህን ያህሉ ከዘር፣ ይህን ያህሉ ከውሃ» ማለት አይቻልም።

«የቁጣ ጂን ተገኘ» የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ እለፉት። በጠባይ ላይ እጅ ያላቸው ጂኖች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ኢምንት ነው።

ሌላው ስህተት ባዮሎጂ ማለት ዘር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ከባድ ረሃብ ነበር። ረሃቡ በከፋበት ወቅት የተፀነሱት ልጆች ሲያድጉ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከሌላው ወደ እጥፍ ተጠግቶ ታየባቸው። የ66ንና የ77ን ረሃብ የሚያውቅ ወሎዬ ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ዝም ነው ያልኩት።

ለጋብቻ ሲጠያየቁ «በዘራቸው የአእምሮ ሕመም አለ» ተብሎ የሚቀር ትዳርም አለ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስኪዞፍሬንያ ውርስ አለው፣ እውነት ነው። ግን ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። አብዛኞቹ ታማሚዎችም እናት አባታቸው ሕመሙ የለባቸውም።

ያን ቀን ጎረቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ቆየሁና «እህቴ፣ እንቅልፉ እንዴት ነው?» አልኳት። የሲኒውን ስብርባሪ እየለቀመች ትንሽ አሰበች። «አባቱ ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ይባንናል» አለች።