ያረጀ የእንጨት ጀልባ እንዴት ይታደሳል፣ ገንዘቡስ የት ይገባል?

ያረጀ የእንጨት ጀልባ ብዙውን ጊዜ በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይገኛል፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ከደጁ እንዲነሳለት ብቻ ነውና። ሰው መጀመሪያ የሚማረከው በመልኩ ነው፤ ከአፍንጫው ተነስቶ እስከ ኋላው የሚወርደው የጎኑ መስመር ዓይን ይይዛል። ከመልኩ ይልቅ ግን ጠንቅቆ ያየውን ሰው የሚያሸንፈው አሠራሩ ነው፤ የእንጨት ጀልባ ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ በመሆኑ የተበላሸው ክፍል ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ ይችላል፤ ለአብዛኛው ሥራም መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና ትዕግሥት ይበቃሉ። ወጪው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ሁሉም ክፍል ሊተካ የሚችል ከሆነ ሥራው በቃ የሚባልበት ቦታ በራሱ አይመጣም፤ ወሰኑን የሚያበጀው ባለቤቱ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ገንዘቡ ሳያልቅ ጀልባው ውኃ ላይ እንዲደርስ ታስቦ ነው።

1. ከመግዛት በፊት በወስፌና በመዶሻ መመርመር

ለአሮጌ ጀልባ “ውስጡን ለቄስ” የሚለው አባባል በትክክል ይስማማዋል። ቀለም መቀባት የሁለት ቀን ሥራ ስለሆነ የላዩ ማማር ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም። ባለቤቱን አስፈቅደው ቀጭን ወስፌና ትንሽ መዶሻ ይዘው ይሂዱ። ጤነኛ እንጨት ቀስ ተብሎ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ላይ ወስፌውን ጫን ሲያደርጉት፣ በሚያብረቀርቅ ቀለም ሥር ሳይታገል እስከ እጀታው ሰርጎ ሊገባ፣ ሲወጣም በጣት ሲያሹት የሚፈርስ ቡናማ እርጥብ ብናኝ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቦታ ከተገኘ በአካባቢው ሌላም አለ ብሎ መገመት ይሻላል።

የት እንደሚፈለግ ማወቅ ብዙ ድካም ያስቀራል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበት ይፈልጋል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም። ጨዋማ ውኃም አይስማማውም። ስለዚህ በባሕር ላይ የኖረ ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከሥር ሳይሆን ከላይ፣ የዝናብ ውኃ ሰርጎ በሚቀመጥበት በኩል ነው። የላይኛው ወለል ከጎኖቹ ጋር የሚገናኝበትን መስመር፣ የኋላ ግድግዳውን ማዕዘኖች፣ የጎድኖቹን (ሳንቃዎቹ ከውስጥ የሚያያዙባቸውን ጎባጣ እንጨቶች) ራስና አየር የማይደርስባቸውን ጥጋጥጎች በቅድሚያ ይመልከቱ። ከውኃው መስመር በታች ያለው የባሕር ጠላት ሌላ ነው፤ የባሕር ትል እየተባለ የሚጠራው፣ በዘሩ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ከዛጎል ለበሶች ወገን የሆነው እንስሳ፣ የምስማር ራስ በማይሞላ ቀዳዳ ገብቶ የሳንቃውን ውስጥ ወንፊት ያደርገዋል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሳንቃውን ከጎድኑ ጋር ያያያዘው ብረት ነው። ከተለያዩ ቦታዎች ጥቂት ምስማሮችን ወይም ብሎኖችን ነቅለው ይመልከቱ። ብረት ከሆነ በዝገት አለመሳሳቱን፣ ዚንክ ያለበት ናስ ከሆነ ደግሞ ቀላ ብሎ እንደ ደረቅ ዳቦ አለመሰባበሩን ያረጋግጡ። የተለያዩ ማዕድናት በጨው ውኃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላል። አላርም የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ትል እንዳይበላት ሆዷ እ.ኤ.አ. በ1761 በመዳብ ተለብጦ ነበር፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ስትመረመር መዳቡን የነኩት የብረት ምስማሮች ተበልተው ተገኙ፤ በመካከላቸው የመጠቅለያ ወረቀት የቀረባቸው ምስማሮች ግን ደኅና ነበሩ። ዛሬም በመዳብ ምስማር የተሠራን ጀልባ በብረት ብሎን የሚጠግን ሰው ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

በመጨረሻ ራቅ ብለው ቆመው ጀልባውን ከጎን ይመልከቱት። ሁለቱ ጫፎቹ ወርደው መሐሉ ከጎበጠ አጥንቱ ደክሟል። በእኔ አስተያየት ቅርፁን ያጣ ጀልባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው በነጻም ቢሆን ውድ ነው።

2. ወጪውን ቁጭ ብሎ ማስላት

ብዙ ሰው የሚያሰላው የእንጨቱን ዋጋ ነው፤ ገንዘቡን የሚጨርሱት ግን የሥራ ሰዓት፣ የማስቀመጫ ቦታ ኪራይና ብረታ ብረቱ ናቸው። አንድ ሳንቃ ለመለወጥ አሮጌውን ነቅሎ ማውጣት፣ ቅርፁን ወስዶ መቁረጥ፣ ደጋግሞ መግጠምና መላግ ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ባለሙያ በሰዓት ክፍያ ሲሠራው የሳንቃው ዋጋ ከቁጥር አይገባም። ኪራዩ ደግሞ እጅ ባይሠራም ይቆጥራል። ሳንቃው ሲነሳ ጎድኑ፣ ጎድኑ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ይታያል፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የተሰላው ላይ ግማሹን ያህል መጠባበቂያ ሳይጨምሩ መጀመር አይገባም እላለሁ።

ወጪው እስከ የት እንደሚሄድ ለመገመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ውኃ ላይ የወረደችውን ሜይፍላወር ሁለት የተባለች የእንጨት መርከብ ማንሳት ይቻላል፤ ስድሳ ዓመት ከሠራች በኋላ እድሳቷ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። የአንድ ሰው ጀልባ እዚያ አይደርስም፤ ቢሆንም የእድሳቱ ወጪ ጀልባው ታድሶ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል።

3. ማስቀመጥ፣ መደገፍና መለካት

የጀልባው ክብደት ማረፍ ያለበት ከሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በተዘረጋው ዋና ግንድ ላይ ነው። በየሜትሩ ገደማ ጉማጅ እንጨት ደርድረው ግንዱን ያሳርፉ፤ የጎን ድጋፎቹ እንዳይወድቅ ብቻ ይያዙት እንጂ ክብደት አይሸከሙ። ከላይ ሸራ ይዘርጉ፣ ነገር ግን ከሁለቱም ጫፍ አየር ይግባ፤ ጥብቅ ተደርጎ የተሸፈነ ጀልባ ከውስጥ እየበሰበሰ ይቆያል። አንድም ነገር ከመንቀልዎ በፊት በየተወሰነ ርቀት የውስጡን ቅርፅ በስስ ጣውላ ቀርፀው ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ያንሱ፤ የሚነቀለውንም ቁጥር ይስጡት።

4. አጥንቱን ከሥር ወደ ላይ መጠገን

ቅደም ተከተሉ ዋናው ግንድ፣ ጎድኖች፣ ሳንቃዎች፣ ከዚያም የላይኛው ወለል ነው። ጎድኖቹን በአንድ ጊዜ መንቀል ቅርፁን ያጠፋል፤ አንዱን አውጥተው አዲሱን ካሰሩ በኋላ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ።

ጎባጣ ጎድን የሚሠራው በእንፋሎት ነው። ረጅም የእንጨት ሳጥን ተሠርቶ ከሚፈላ ውኃ እንፋሎት ይገባበታል፤ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ከሳጥኑ ሲወጣ እንጨቱ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ እንደ ጠፍር ይታዘዛል፤ ጓንት ያደረጉ ሁለት ሰዎች ሮጠው ቦታው ላይ ካላጎበጡትና ካላጠበቁት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለዚህ ሥራ በምድጃ የደረቀ እንጨት አይሆንም፤ እርጥበቱ ገና ያልወጣ ይመረጣል። ኦክ ከተባለው ዛፍ ዓይነቶች ነጩ ይበጃል፤ የቀዩ ቀዳዳዎች ክፍት ስለሆኑ ውኃ ያስተላልፋሉ።

ሳንቃ ሲቀጠል ሁለቱ ጫፎች በሰያፍ ተላግተው ይደራረባሉ፤ የሰያፉ ርዝመት ከውፍረቱ ቢያንስ ስምንት እጥፍ ይሁን፤ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ሳንቃ 200 ሚሊሜትር ማለት ነው። የጎረቤት ሳንቃዎች መቀጠያ በአንድ ጎድን ላይ እንዳይገጣጠም ይጠንቀቁ።

የበሰበሰውን በስቱኮ ወይም በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ) መድፈን ፈታኝ አቋራጭ ነው። እንጨት ከእርጥበት ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ኢፖክሲው ግን አብሮት አይሄድም። በጊዜ ብዛት ይሰነጠቅና ከሥሩ ውኃ አቁሮ ብስባሱን ያፋጥናል።

5. ክፍተቶቹን መወተፍ

ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን በተገጠሙበት ጀልባ ላይ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጥጥ ገመድ ይወተፋል፤ ከላዩም ተለጣፊ መሙያ ይደረጋል። ጥጡ ጫፉ ሰፊና ደነዝ በሆነ መሮና በመዶሻ እየተጠቀለለ ይገባል። የተለመደው ስሕተት አብዝቶ መወተፍ ነው። ጀልባው ለወራት ደርቆ ሳንቃው በተኮማተረበት ወቅት ክፍተቱ ጥርቅም ተደርጎ ከተሞላ፣ ውኃ ላይ ወርዶ ሲያብጥ ጎድኖቹን ይሰብራል ወይም ምስማሮቹን ይነቅላል። ጥጡ ለእብጠቱ ቦታ መተው አለበት።

6. ቀለምና ቫርኒሽ

በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል ደረቁን በማሽን አይፋቁት፤ አርጥበው በብርጭቆ ወረቀት ያሹት፤ ማስክም ያድርጉ። ቫርኒሽ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ይደራረባል፤ ፀሐይ ስለሚበላውም በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜ ከሌለዎት አብዛኛውን ቀለም ይቀቡት።

7. ወደ ውኃ ማውረድ

ጀልባው በወረደበት ቀን መልቀቅ የለበትም፤ ማንሻ ቀበቶው ላይ እንዳለ ወይም ጥልቀት በሌለው ቦታ ታስሮ፣ ፓምፕ ገብቶለት ይቆይ። በመጀመሪያው ሰዓት ውኃው ከየክፍተቱ በቀጭኑ ይፈስሳል፤ ይህ አዲስ ባለቤትን ያስደነግጣል እንጂ የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ፈሳሹ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሳንቃዎቹ አብጠው አብዛኛው ይደርቃል። ፓምፑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳ እየጻፉ ይከታተሉ። ቁጥሩ መውረዱን አቁሞ ከቆየ አንድ ያልተወተፈ ቦታ አለ፤ በባትሪ መብራት ከውስጥ ፈልገው በጠመኔ ምልክት ካደረጉበት በኋላ ጀልባውን ለዚያ ለአንዱ ቦታ ብቻ መልሰው ያውጡት።