ሶሻል ገብታችሁ ኢኮኖሚክስና ቢዝነስ ለምታጠኑ የሀዋሳ ልጆች

11ኛ ክፍል ሶሻል መርጣችሁ ኢኮኖሚክስ እንዴት ነው የሚጠናው እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው ይሄን የምጽፈው። መጀመሪያ "ሶሻል እኮ ሽምደዳ ነው" የሚለውን ወሬ አትስሙ። እኔ ሰምቼ አመቱን ሙሉ ዴፊኒሽን ስሸመድድ ከረምኩ፣ ዲማንድ (ፍላጎት) ምንድነው ስባል በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳልስት እመልሳለሁ፣ ፈተና ላይ ግን ከርቩ (ግራፉ ላይ ያለው መስመር) ነው የሚንቀሳቀሰው ወይስ ከርቩ ላይ ያለው ነጥብ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በኋላ የገባኝ ደብተሩን ይዤ ሀይቁ ዳር ወዳለው አሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስወርድ ነው።

እናንተም እንደዛ አድርጉ። ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት አሳ ገበያው ጋ ሂዱና ሶስት ነገር ብቻ ጻፉ፣ የአንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ አሳ) ዋጋ፣ ዛሬ ብዙ ተሸጠ ወይስ ትንሽ፣ ለምን። አሳ የሚያጸዱትን ልጆች በትህትና ጠይቋቸው፣ ሰው ሲበዛባቸው ሳይሆን ገና ስራ ሲጀምሩ፣ ከመጽሐፉ በላይ ያስረዷችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። ሁዳዴ ሲገባ አሳ ይወደዳል (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው፣ ስጋ ትቶ አሳ የሚፈልገው ሰው ግን ይበዛል)። ሌላ ቀን ደግሞ ሀይቁ ላይ ንፋስ ሆኖ ጀልባዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱም ይወደዳል። ዋጋው ሁለቱም ቀን ጨምሯል፣ ታሪኩ ግን አንድ አይደለም። በጾሙ የዲማንድ ከርቩ ወደ ቀኝ ሄደ፣ የሚሸጠው አሳ ጨመረ። በንፋሱ የሰፕላይ (አቅርቦት) ከርቩ ወደ ግራ ሄደ፣ የሚሸጠው ቀነሰ። ስለዚህ "ዋጋ ጨመረ" የሚል ጥያቄ ስታዩ ቶሎ አትመልሱ፣ ብዛቱስ የት ሄደ በሉ። አሳው ራሱ ስለተወደደ ሰው ትንሽ ሲገዛ ደግሞ ያው ከርቭ ላይ ወደ ላይ መውጣት ነው እንጂ ሺፍት (ከርቩ ራሱ ቦታ መቀየሩ) አይባልም። እቺን ለይታችሁ ከያዛችሁ ብዙ ጥያቄ ይፈታላችኋል።

ኢላስቲሲቲ (ዋጋ ሲቀየር የሚሸጠው ብዛት ምን ያህል እንደሚቀየር የሚለካው) ላይ በቁጥር ተለማመዱ። እንበል ቆሮሶው 100 ብር እያለ 50 ይሸጥ ነበር፣ 120 ሲገባ 40 ሆነ። በተራው ፐርሰንት ብዛቱ 20 ፐርሰንት ቀነሰ ዋጋው 20 ጨመረ፣ 20 ለ20 ሲካፈል መልሱ 1 ነው። በሚድፖይንት (ለውጡን ለሁለቱ ቁጥሮች አማካይ በማካፈል) ከሰራችሁት ግን 10ን ለ45፣ 20ን ለ110 አካፍላችሁ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍሉት 1.22 አካባቢ ይመጣል። ሁለቱም ትክክል ነው፣ ጥያቄው በየትኛው ስሩ እንዳለ ሳታዩ እርሳስ አታንሱ።

ሂሳብ የጠላችሁ ደግሞ፣ በናታችሁ አትሽሹ፣ ሶሻልም ማትሪክ ላይ ሂሳብ ይፈተናል። ወለድን በባንክ ደብተር ተለማመዱት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ፐርሰንት አሳድጎት ነበር፣ በ7ቱ 10,000 ብር ለ3 አመት ብታስቀምጡ በሲምፕል (በተራ ወለድ) 12,100 ይሆናል፣ በአመት አንዴ በሚታሰብ ኮምፓውንድ (ወለድ በወለድ) 12,250 ከ43 ሳንቲም። ልዩነቷ ከየት እንደመጣች በራሳችሁ አባባል ማስረዳት ከቻላችሁ ፎርሙላውን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ቢዝነስ ላይ ከታላቅ ወንድም የወረሳችሁትን ሾርት ኖት ተጠንቀቁ። የንግድ ህጉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። ድሮ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ለማቋቋም ቢያንስ 2 ሰው ያስፈልግ ነበር፣ አሁን አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመውም አለ። አክሲዮን ማህበር ግን ያው ቢያንስ 5 ነው።

አካውንቲንግ የሚከብዳችሁ የሰፈር ሱቅ አስቡ። ባለሱቋ የ5,000 ብር ስኳር በዱቤ አመጣች፣ ሀብቷ በ5,000 ጨመረ፣ እዳዋም በ5,000፣ ካፒታሏ ንክች አላለም። ሀብት ሁሌ ከእዳና ከካፒታል ድምር ጋር እኩል ነው ማለት ይሄ ነው በቃ።

የመጨረሻው ቋንቋው ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ብቻ ካላጠናሁ የሚል አለ፣ እኔ አልስማማም። መጀመሪያ በአማርኛ ወይ ቤት በምታወሩት በሲዳምኛ በወላይትኛ ለታናሻችሁ አስረዱት፣ እሱ ከገባው እናንተም ገብቷችኋል፣ ከዛ ያንኑ በሶስት አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉት። የመጀመሪያ የቤት ስራችሁ እቺ ትሁን፣ ቤንዚን ሲጨምር ከፒያሳ አቶቴ የባጃጅ ዋጋ የሚጨምረው የትኛው ከርቭ ወደየት ሄዶ ነው፣ የተሳፋሪውስ ብዛት? ግራፉን ሳታዩ ሳሉት።