37.4 ሚሊሜትር ኩሽኔታ የት ይሸጣል?

ባለፈው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክት ዲፌንስ ላይ እንድቀመጥ ጠራኝ። ከፋብሪካ የመጣ ሰው አንድ ይኑር ብለው ነው። አራት ልጆች ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ቆሙ። ፕሮጀክታቸው የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ነው። ስላይዱ ያምራል። ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል፣ ይገነጣጠላል፣ ተመልሶ ይገጣጠማል። የኔ ዓይን ግን አንድ ቁጥር ላይ ተተከለ። የዘንጉ ውፍረት 37.4 ሚሊሜትር ይላል።

«እዚህ ዘንግ ላይ የምትገጥሙት ኩሽኔታ ስንት ቁጥር ነው?» አልኳቸው። ኩሽኔታ ዘንጉን ይዞ እንደ ልብ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ቀለበት ነው።

ተያዩ። አንደኛው «በስሌቱ መሠረት የሚያስፈልገው 37.4 ነው» አለ።

«እሺ፣ 37.4 ኩሽኔታ የት ይሸጣል?»

ዝም።

ልጆቹን ልወቅሳቸው አልፈልግም። ስሌቱን በትክክል ሠርተዋል። ከስሌቱ ቀጥሎ ያለችውን አንዲት እርምጃ ግን ማንም አላሳያቸውም። እኔ ማኑፋክቸሪንግ ቴክኖሎጂ ተምሬ ከተመረቅኩ 16 ዓመቴ ነው። አሁን መለዋወጫ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ የምርት ክፍሉን እመራለሁ፤ በየዓመቱ ለልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎች የምቀበለውም እኔው ነኝ። ያው ስህተት በየዓመቱ ፊቱን ታጥቦ ይመጣል። ዛሬ ለእናንተ ለተማሪዎቹ የሰለቸኝን ልዘርግፈው።

ገበያ ላይ የሌለ ነገር መሳል

ኩሽኔታ እናንተ በፈለጋችሁት መጠን አይመጣም። ጎኑ ላይ ቁጥር አለው። 6207 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 አባዙ፤ 35። የውስጥ ቀዳዳው 35 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 6208 ከሆነ 40። በሁለቱ መካከል ምንም የለም። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡት ትንንሾቹ ናቸው፤ 00 ሲሆን 10፣ 01 ሲሆን 12፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን 17። ስለዚህ ስሌታችሁ 37.4 ካለ ዘንጉን ወደ 40 ከፍ ታደርጋላችሁ፣ 6208 ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ የውጭ ስፋቱ 80፣ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚያው ልክ የሚቀመጥበት ቤት ትሠሩለታላችሁ። አለቀ።

ላሜራም ያው ነው። 1፣ 1.5፣ 2 ሚሊሜትር እያለ ይሄዳል። 1.73 ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል። ብረት ነጋዴው ፊት ይዛችሁ ብትቀርቡ ሻይ ጋብዞ ነው የሚሸኛችሁ።

ሥዕል ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ መርካቶ ዋሉ። ኩሽኔታ የሚሸጡትንም ቱቦላሬ የሚቆርጡትንም ጠይቁ። ምናለሽ ተራም ጎራ በሉ። አሮጌ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃ የሚያወጡትን ሰዎች ለአንድ ሰዓት ቁማችሁ እዩ። ብረት የት ላይ እንደሚታጠፍና የት ላይ እንደሚሰነጠቅ በእጃቸው ያውቁታል።

የፍላሽ ፕሮጀክት

አሁን ልቆጣ ነው፤ ታገሱኝ።

ከመፈልፈያዎቹ ልጆች ቀጥሎ የገባው ቡድን የጤፍ መውቂያ ይዞ መጣ። ጥራዙን ገለጥኩት። የምስጋናው ገጽ ላይ «ሌት ተቀን ለረዱን አማካሪያችን» ብለው አንድ መምህር አመስግነዋል። ጎኔ የተቀመጠው መምህር ሳቁን ዋጠ። የተመሰገነው ሰውዬ ያን ዩኒቨርሲቲ ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ ፋይሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ነው። ርዕሱ ላይ «የተሻሻለ» የምትል ቃል ትጨመራለች፣ ስም ይቀየራል፣ ይጠረዛል። የበቆሎ መፈልፈያ፣ የጤፍ መውቂያ፣ የእንሰት መፋቂያ። ሐሳቦቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ገበሬው እነዚህን ማሽኖች ይፈልጋል። ችግሩ ከወረቀቱ አልፎ አንድ ብሎን እንኳ የጠበቀበት የለም። «ለምን አንዱን ክፍል ብቻ ሠርታችሁ አላመጣችሁም?» ስላቸው «በጀት የለም» ይላሉ። ሙሉ ማሽን ስለመረጣችሁ ነዋ በጀት የሌለው!

ትንሽ ነገር ምረጡ። አንዲት የልምምድ ተማሪ እኛ ጋ መጥታ ትራፓኖው፣ ማለትም መብሻ ማሽኑ፣ አጠገብ ሦስት ቀን ቆመች። ሠራተኛው እያንዳንዱን ላሜራ በሜትር ይለካል፣ በጭረት ምልክት ያደርጋል፣ በመዶሻ ነጥብ ይመታል፣ ከዚያ አራት ቀዳዳ ይበሳል። ለአንዱ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። ልጅቷ ከውዳቂ ብረት ላሜራው ገብቶ የሚቀመጥበት፣ ከላይ አራት ቀዳዳ ያለው ክዳን የተገጠመለት መያዣ ሠራች። መሰርሰሪያው በክዳኑ ቀዳዳ አልፎ ይወርዳል። መለካት ቀረ፣ ነጥብ መምታት ቀረ። ሥራው ከ2 ደቂቃ በታች ወረደ። ወጪዋ የእኛ ውዳቂና የበያጁ አንድ ከሰዓት ነው። መመረቂያዋን በዚያው ሠራች፤ ዲፌንስ ላይ መያዣውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ ስታደርገው ስላይድ የጠየቃት የለም። እስከ ዛሬ እንሠራበታለን።

ትኩስ ብረት መለካት

ይቺን የሠራኋት እኔው ነኝ።

አዲስ ተመራቂ ሳለሁ ለአንድ ወፍጮ ቤት ዘንግ ሥራ ተባልኩ። 6210 ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ አለው፤ 50 ሚሊሜትር ማለት ነው። ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ እንዲይዝ ዘንጉ ከ50.002 እስከ 50.018 ባለው ውስጥ መውደቅ ነበረበት። ቶርኖው (ብረት እያሽከረከረ የሚልጠው ማሽን) ላይ የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን ላጥኩና ወዲያው በማይክሮሜትር ለካሁ። 50.01። ደስ ብሎኝ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ በፕሬስ ተገፍቶ ይገባል ያልኩት ኩሽኔታ በጣት ሰተት ብሎ ገባ። እንደገና ለካሁ፤ 49.986።

ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። አንድ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.012 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል። የኔ ዘንግ ስለካው እጅ አያስነካም ነበር፤ ከክፍሉ ሙቀት በ40 ዲግሪ በልጦ ነበር እንበል። 50 ሚሊሜትር በ40 ዲግሪ ሲሰላ 0.024 ይሆናል። የተፈቀደልኝ ልዩነት በሙሉ 0.016 ነው። ይህንኑ ጥያቄ ፊዚክስ ላይ ሠርቼ ኤ አግኝቼበታለሁ። ቶርኖ ፊት ስቆም ግን ውልም አላለኝ።

ፎርማናችን ጋሼ ዘንጉን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ብረቱ ትንፋሹን ይሰብስብ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል?» አሉኝ። ዘንጉ ውዳቂ ሆነ። የብረቱን ዋጋ ከደመወዜ አልቆረጡብኝም፤ ግን ለአንድ ወር ያህል የኔን ልኬት ማንም አላመነም፤ እሱ ይብሳል።

በጥድፊያ ላይ ሳለን ስለ ዙር ፍጥነትም ልበል። ተማሪ ማሽኑ በፈጠነ ቁጥር ሥራ የሚያልቅ ይመስለዋል። ለስላሳ ብረት በተራ የአረብ ብረት መቁረጫ ሲላጥ በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ ይበቃል። 30 በ1000 ይባዛ፣ ለ3.14 እና ለ50 ሚሊሜትር ውፍረት ይካፈል፤ 191 ዙር። አንዱ በ800 አስነስቶት የመቁረጫው ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ ተቃጠለ። ሰማያዊነቱ ስላማረው በስልኩ ፎቶ አነሳው።

በአንድ ትንፋሽ የማልፋቸው

ጓንት አድርጎ ቶርኖ ላይ መቆም። ቀለበት። የተፈታ ፀጉር። የአንገት ልብስ። እነዚህን ቁጭ ብዬ አላብራራም።

የቻክ ቁልፍን ቻኩ (ብረቱን አንቆ የሚያሽከረክረው የቶርኖው መያዣ) ላይ ረስቶ ሞተር ማስነሳት። እኛ ጋ ግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። አልደፈንነውም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው እሱን ነው።

ለልምምድ መጥቶ ማኅተም መፈለግ

በሁለተኛው ቀን «ማኅተም የሚመታው ማነው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ገና ቱታ እንኳ አልተሰጠውም። ሌላው በአራተኛው ሳምንት የቀን መዝገቡን ሊያስፈርመኝ አመጣ። ሳነበው «ዛሬ የቦይለሩን አሠራር ተመለከትን» ይላል። እኛ ጋ ቦይለር የለም። ኖሮም አያውቅም። ለካ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተመደበ ጓደኛው ገልብጦ ነው።

የልምምድ ጊዜ በአምስት ዓመት ውስጥ ከጠመኔና ከሰሌዳ የምትገላገሉበት ወቅት ነው። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ አታባክኑት። ማሽን ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ተጠጉ። ስትጠጉ ደግሞ በወጉ ተጠጉ። አንድ ተማሪ በአባቱ ዕድሜ ያለን የቶርኖ ባለሙያ «አንተ፣ ይሄን ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርገው?» ሲል ሰማሁ። ባለሙያው መልስ አልሰጡትም፤ እስኪጨርስ ድረስም ምንም አላስተማሩት። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» ብሎ ፍቅፋቂውን ጠረገላቸው። እሳቸው መቁረጫው መደነዝ ሲጀምር ከድምፁ ያውቃሉ። ለዚያ ልጅ ጆሮውን አስጠግተው ልዩነቱን አሰሙት። ይህ በየትኛውም ሃንድአውት ላይ የለም።

ቀለል ያለ የመሰላችሁን ኮርስ መናቅ

ስታትስቲክስ፣ የሥራ ጥናት፣ ጥራት ቁጥጥር። «ይሄማ የማኔጅመንት ነው» ይባልና ለፈተና ይሸመደዳል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ፣ ሌሎቹም ሲከተሉ፣ የተማሩ የምርት ሰዎች ሲፈለጉ የተጠየቀው ይኸው የተናቀው ነው። አንድ የሸሚዝ መስመር በ480 ደቂቃ 600 ሸሚዝ ያውጣ ከተባለ እያንዳንዱ ሥራ በ48 ሰከንድ ማለቅ አለበት። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ 60 ሰከንድ ከፈጀባት ሌሎቹ ሁሉ በ40 ቢጨርሱም የሚወጣው 480 ነው። ተቆጣጣሪው ሌሎቹን «ፍጠኑ!» ብሎ ቢጮህ ኮሌታዋ ልጅ ፊት ክምር ነው የሚያድገው። ይህን ለማየት ሰዓት መያዝና መቆም ይበቃል። ካይዘንም፣ ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓኖቹ ዘዴ፣ እንዲሁ ነው። የካይዘን ኢንስቲትዩቱ በ2004 ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የማይል ተማሪ አላየሁም። የራሱን የመሣሪያ ሳጥን ክፈት በሉት እስቲ።

ከቴክኒክና ሙያ ለመጣችሁ

ደረጃ 4 ጨርሳችሁ ዲግሪ የምትቀጥሉትን በተለይ እወዳችኋለሁ፤ እጃችሁ ተፈትቷል። የምትወድቁት ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ሒሳብ ላይ። ወርክሾፕ ላይ ሁሉም ስለሚከባችሁ የካልኩለስ ክፍሉን ትቀራላችሁ። ከዚያ ዋርኒንግ፣ ከዚያ ቤት። ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ከመጣ ልጅ ጋር ተጣመሩ። እናንተ ብየዳ አሳዩት፣ እሱ ኢንተግራል ያሳያችሁ።

የመውጫ ፈተናውን ለመጨረሻው ወር ማቆየትም አለ። ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ካላመጣችሁ ዲግሪው አይሰጣችሁም፤ ጥያቄው ደግሞ የሁለተኛ ዓመቱን ቴርሞዳይናሚክስም ይነካል። ደብተራችሁን ለጁኒየር አታውርሱ።

የግል ኮሌጅ የምትገቡ ደግሞ ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። ፈቃዱ ለዚያ ትምህርት፣ ለዚያ ካምፓስ መሆኑን ከመመዝገባችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

ሲቪ ላይ አምስት ሶፍትዌር መደርደር

ለሥራ የሚመጣው ተመራቂ ሁሉ የሥዕል ሶፍትዌር ይችላል፤ አምናለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተር አላሳየውም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ ኩሽኔታና አንድ ካሊፐር አለ። «የውስጡ ስንት ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ካሊፐሩን ይይዙና የውስጥ መለኪያ መንጋጋው የቱ እንደሆነ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ በውጭ መለኪያው ሊያስገባ ይታገላል። አንዱ ሜትር አለ ወይ ብሎኛል።

ባለፈው ወር የመጣች ልጅ ኩሽኔታውን አነሳች፣ ግራሱን በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ ጎኑን አነበበች። 6305።

«25» አለችኝ። ከዚያ ካሊፐሩን አንስታ ለካችው።

ሰኞ ሥራ ጀመረች።