ዝናብ የማያዘገየው ፍሬን፦ የፊት ዲስክ እንዴት ይቀየራል?

ዝናብ ላይ ፍሬን ሳይነኩ ረዘም ያለ መንገድ ከነዱ በኋላ ፔዳሉን ሲረግጡ፣ ፍሬኑ መጀመሪያ እንዳልሰማ ሆኖ ከዚያ በአንዴ ጨምድዶ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ የውሃ ነው። ጎማ የሚረጨው ውሃ ዲስኩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ በስሱ ይሸፍነዋል፤ ዲስኩን ጨምድዶ የሚይዘው ሸራ ያንን ጠርጎ ብረቱን እስኪያገኝ ድረስ የሚያሸው ውሃ እንጂ ዲስክ አይደለም። ጊዜው አጭር ነው። ግን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ከሁለት የቤት መኪና ርዝመት ይበልጣል።

ቦይ የተቆረጠበት ዲስክ የሚጠቅመው ለዚህች ግማሽ ሰከንድ ነው። የቦዩ ጠርዝ በየዙሩ የሸራውን ፊት እየጠረገ ውሃውንና የሸራ ብናኙን ያስወጣል፤ ስለዚህ ሸራው ቶሎ ብረት ያገኛል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር፦ አዲስ ዲስክ እርጥብ አስፋልት አያደርቅም። መኪና የሚቆመው ጎማው መሬት በያዘው ልክ ነው። ዝናብ ላይ ጠንከር አድርገው ሲረግጡ ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ፔዳሉን የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ፍሬኑ ከጎማው አቅም በላይ እየያዘ ነው ማለት ነው። የጎማዎ ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ወርዶ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ጎማ ላይ ያውሉት።

ምን ዓይነት ዲስክ?

ተራው፣ ፊቱ ለስላሳ የሆነው ዲስክ ክፉ አይደለም፤ ብዙ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው በሱ ነው። የተበሳሳው ዲስክ ውሃ ያስወጣል፣ ሲታይም ያምራል፤ ነገር ግን ተደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ዲስክ መብሳት በሞተር ሳይክል ዘንድ የተለመደው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከማይዝግ ብረት ይሠሩ የነበሩት የሞተር ሳይክል ዲስኮች ዝናብ ላይ ዘግይተው በመያዝ ስማቸው ጠፍቶ ነበር። መኪና ግን ከባድ ነው፣ ዲስኩም ጎማ ውስጥ ተሸሽጎ ይግላል። ለዕለት መንገድ እኔ የምመርጠው ቦይ ያለውን ነው። ሸራ ትንሽ ቶሎ ይበላል፣ ሲይዝም ጉርምርም ይላል፤ እነዚህን የሚታገሱት ከሆነ ሌላ ጉዳት የለውም።

ስፋቱ ከፋብሪካው ዲስክ ጋር እኩል ይሁን። ሰፋ ያለ ዲስክ ሌላ የካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መያዣ ይጠይቃል፣ ጎማው ውስጥ ላይገባ ይችላል፣ የፊትና የኋላ ፍሬን ሚዛንንም ያዛባል። ዝገት የሚከላከል ቅብ ያለውን ካገኙ ይውሰዱት። ዲስክ ከግራጫ ብረት የሚሠራ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ይዝጋል፤ ሸራው የሚነካውን ፊት የመጀመሪያው ፍሬን ይጠርገዋል፣ መሃሉንና የአየር መተላለፊያውን ግን የሚጠብቅለት ቅቡ ብቻ ነው።

ከዲስኩ ጋር አዲስ ሸራ ይግዙ። አሮጌው ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ቅርጽ ስለያዘ አዲሱ ላይ ተስተካክሎ አይቀመጥም። ለውድድር የተሠራ ሸራ አይምረጡ፤ ሳይግል አይዝም፣ በዝናብ ደግሞ የሚፈልጉት በቀዝቃዛው የሚይዘውን ነው። ሁለቱም ነገር በጥንድ፣ ለግራም ለቀኝም ይለወጣል።

ከመፍታትዎ በፊት

ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መቆሚያ)፣ የጎማ መፍቻ፣ ቡሶላ ቁልፎች፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቶርክ ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የካሊፐሩን ፒስተን መግፊያ ሞርሳ፣ የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶና አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራ ሽቦ ያዘጋጁ። ብሎኖቹ በስንት ኒውተን ሜትር እንደሚጠብቁ ከመኪናው መመሪያ ላይ ያግኙና በወረቀት ይጻፉት። ፍሬን በግምት የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ሥራው

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ። የጎማ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ላላ ያድርጓቸው። ከዚያ በክሪክ ያንሱና ካቫሌቶ ላይ ያሳርፉት። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም።

ጎማውን አውጥተው መሪውን የካሊፐሩ ጀርባ በሚገለጥልዎት በኩል ያዙሩት። ሁለቱን የካሊፐር ብሎኖች ፈተው ካሊፐሩን ያንሱና በሽቦው ከስፕሪንጉ ላይ ይስቀሉት። በፍሬን ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይተዉት፤ ቱቦው ውስጡ ሲቀደድ ከውጭ አይታይም። አሮጌውን ሸራ ያውጡ፣ የካሊፐር መያዣውን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ይፍቱ። ዲስኩን የያዘች ትንሽ ብሎን ካለች እሷንም ይፍቱ።

ዲስኩ አልወጣ ካለ አትደንግጡ፣ ዝገት ይዞት ነው። ብዙ ዲስኮች መሃላቸው ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ልካቸው የሆነ ብሎን እያፈራረቁ ሲያጠብቁባቸው ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ቀዳዳ ከሌለው ከኋላው በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ ነው። የሚጣል ስለሆነ አይሳሱለት።

አሁን ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ቦታ ደረስን፤ ሞዞው፣ ማለትም ዲስኩ የሚቀመጥበት የጎማው ማዕከል። በገዛ እጄ ዲስክ የቀየርኩ የመጀመሪያ ቀን ሞዞውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ አለፍኩት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ፔዳሉ እግሬ ሥር ይርገበገብ ጀመር። ፈትቼ ሳየው ከአንዱ ብሎን ሥር የጥፍር ቁራጭ የምታክል የዝገት ቅርፊት ተጋድማለች። ያቺ ቅርፊት ዲስኩን ትንሽ አጋደለችው፤ ዲስኩ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ሸራውን እየነካ እዚያው ሳሳ። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መወላገድ ከ0.05 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ያ የአንድ ተራ ወረቀት ግማሽ ውፍረት ነው። “ዲስኩ ጠመመ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈትጉት፣ በተለይ የብሎኖቹን ዙሪያ። ጣትዎን ሲያዞሩበት ምንም መንካት የለበትም።

አዲሱ ዲስክ ለመጋዘን ዘይት ተቀብቶ ከመጣ በማጽጃው ያጥቡት፤ ሁለቱንም ፊት። የቱ ግራ፣ የቱ ቀኝ እንደሆነ ሳጥኑ ወይም ዲስኩ ላይ ያለውን ቀስት ያንብቡ። ቦዩን አይቶ መገመት አያዋጣም፤ አምራቾች በተለያየ አቅጣጫ ይቆርጡታል። ውስጡ ጠመዝማዛ ክንፍ ካለው ደግሞ ክንፎቹ ከላይ ሲታዩ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሲሄዱ ወደ መኪናው ኋላ ያዘነበሉ ይሁኑ፤ አየር የሚስቡት እንደዚያ ሲገቡ ነው።

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥተው ያጽዱ፣ ግራሶ ይቀቡ፣ በእጅ ተገፍተው እንደ ልብ መሄዳቸውን ይዩ። የተጣበቀ ፒን አዲሱን ሸራ በአንድ ጎን ብቻ ይበላዋል። ግራሶው የሸራውንም ሆነ የዲስኩን ፊት እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ከዚያ አዲሱን ዲስክ ሞዞው ላይ ያስቀምጡ፣ መያዣውን መልሰው ይግጠሙ፣ ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ አድርገው ይግፉት፤ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ ማጠራቀሚያውን እያዩ። ዘይቱ የፈሰሰበትን የመኪና ቀለም ይልጣል። ጠቁሮ ካገኙት ደግሞ በዚያው ያስለውጡት፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት የመፍያ ነጥቡ ከ230 ዲግሪ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል።

ሸራዎቹን ያስገቡ፣ ካሊፐሩን ይመልሱ፣ ሁሉንም በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ። ጎማውን ሲያስሩ ዳዶዎቹን በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያሻገሩ ያጥብቁ። ሌላውን ጎን ሲጨርሱ፣ ሞተር አስነስተው ከመንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉ ጠጣር እስኪሆን ደጋግመው ይርገጡ። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይገባል፤ መኪናው ግን ይሄዳል።

ማላመድ

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ሳይላመዱ ዝናብ ላይ አይፈተኑም። ደረቅና ጭር ያለ መንገድ ፈልገው ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ያህል እያወረዱ አሥር ጊዜ ያህል ይያዙ፤ የሸራው አምራች የራሱን ቁጥር ከሰጠ ያንን ይከተሉ። ሙሉ በሙሉ አይቁሙ፤ ግሎ በቆመበት የተያዘ ዲስክ የሸራው ምልክት ይታተምበታል። ከዚያ ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ጥቂት እየነዱ ያቀዝቅዙት። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈትሹ። መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የካሊፐሩ ፒን ነው።

ዝናብ ሲመጣ፣ ኋላዎ መኪና እንደሌለ አይተው፣ ኩሬ ካለፉ በኋላ ፔዳሉን በስሱ ይንኩት፤ ዲስኩ በዚያ ይደርቃል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች የዝናብ መጥረጊያው ሲሠራ ይህንኑ በራሳቸው ያደርጉታል፤ ሹፌሩ እንኳ አያውቀውም።