የመኪና በራችሁን በዘመድ ለምታስጠብቁ

ደብረ ማርቆስ ቤት ሠርተው ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ጎረቤት በራቸው ላይ መኪና እያቆመ መግቢያ ሲያሳጣቸው ለማን ውክልና መስጠት እንደሚሻል ነው። እኔም በዚሁ ጉዳይ ስለተጎዳሁ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

አስቀድማችሁ የምትጠይቁትን ለዩ። ከአጥራችሁ ውጭ ያለው ኮብልስቶን የሕዝብ መንገድ እንጂ የይዞታችሁ አካል ስላልሆነ፣ ጎረቤት በሰፈሩ መንገድ ጨርሶ መኪና አያቁም ማለት አትችሉም፤ መጠየቅ የምትችሉት ወደ ግቢያችሁ የሚያስገባው በር እንዳይዘጋ ነው።

እኔ ውክልናውን የሰጠሁት ለአጎቴ ልጅ ነበር። የጎረቤታችን አይሱዙ በሩን መዝጋት ሲጀምር ደውዬ ብነግረው፣ «በሽምግልና ይዘነዋል፣ አታስብ» አለኝ፤ እኔም አምኜው ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ዓመት አገር ቤት ገብቼ ታማሚ እናቴን ከሆስፒታል ሳመጣ፣ የተኮናተርሁት ታክሲ በሩ ጋ መድረስ አልቻለም። ከአይሱዙው የኋላ ጎማ ሥር በተወተፈው ድንጋይ ዙሪያ ሣር በቅሎ ነበር። እናቴን ደግፌ በእግረኛው በር አስገባኋት። በማግስቱ የሽምግልናውን ስምምነት ባየው፣ ወኪሌ በእኔ ስም የበሩ ፊት ለሁለቱም ቤቶች መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ፈርሟል። ጠበቃ ባማክር ደግሞ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ (በይዞታዬ እንዳልጠቀም የሚያውከኝ ይቁም) ብሎ ለመክሰስ የሚፈቅደው ጊዜ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ እንደሆነና እንዳለፈብኝ ነገረኝ።

የአጎቴን ልጅ ክፉ ሰው ነው አልልም። ከጎረቤቱ ጋር በአንድ እድር ነው፤ ልጁን ሲድር ድንኳን የሚተክልለት፣ ሐዘን ሲደርስበት አብሮት የሚያድረው ያ ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያለውን ዘመድ፣ ወንድም እንኳ ቢሆን፣ ለእናንተ በር ሲል ከሰፈሩ ሰው ጋር ይቀያየም ማለት የማይችለውን ሸክም መጫን ነው። ስለዚህ ቤቱን እንዲጠብቅና ኪራይ እንዲሰበስብ ለዘመድ ስጡ፤ የወሰንና የመግቢያ ክርክሩን ግን ከሰፈሩ ጋር ንክኪ ለሌለው ጠበቃ ስጡ።

በሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በስተቀር መክሰስም መታረቅም አይችልም። እኔን የጎዳኝ፣ ተዘጋጅቶ የቀረበልኝ የውክልና ጽሑፍ «እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ደርድሮት ሳለ ሳላነብ መፈረሜ ነው። «እንዲታረቅ» የሚለውን አሰርዙት፤ አለዚያም እርቁ በጽሑፍ ካላጸደቅሁት አይጸናም የሚል አስገቡበት። በኤምባሲ የተፈረመው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት።

በሩ የተዘጋበትን የመጀመሪያ ቀን መዝግቡ፤ በዚያው ሳምንትም ሁለቱን የበር ምሰሶዎችና የመኪናውን ሰሌዳ በአንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ አስነሡ።